ቀይ የማያየው ፊልም፦ የጎጃም የሥራ ማስታወሻ

መስከረም አጋማሽ፣ ባሕር ዳር

የካሜራ ፊልሙ፣ ጥቁርና ነጩ፣ ገባ። የአክስቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ በእጅ ቦርሳው ይዞልኝ መጣ። ትልቁ ሻንጣ ውስጥ እንዳይከተው አስቀድሜ ጨቅጭቄዋለሁ። የሚጫነውን ሻንጣ የሚፈትሸው ራጅ በእጅ የሚያዘውን ከሚፈትሸው የበረታ ነው፤ ያልታጠበ ፊልም ደግሞ ራጅ አይወድም። እንዲህ ያለው ዘገምተኛ ፊልም ከፈጣኑ ይልቅ ይችለዋል፤ ቢሆንም ምን አስፈትኖኝ።

ዘገምተኛ ስል ብርሃን ለመያዝ የሚወስድበትን ጊዜ ነው። ስሙ ኢልፎርድ ኦርቶ ፕላስ ነው፤ በቀን ብርሃን የፍጥነት ቁጥሩ 80 ነው የሚባለው። ከ400 ፊልም ጋር ስታስተያዩት አምስት እጥፍ ብርሃን ይጠይቃል። እኔ የፈለግኩት ግን ቀይ ስለማያይ ነው። ሰማያዊና አረንጓዴ ያያል፤ ቢጫን በመጠኑ። ቀይ ለእሱ ጥቁር ነው።

ነገሩ የቆየ ነው። መጀመሪያ ላይ በፊልም ፋንታ የነበሩት የፎቶ መስታወቶች የሚያዩት ሰማያዊን፣ ወይን ጠጁንና ከዚያ ወዲያ ያለውን ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1873 ሄርማን ቮገል የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ብርሃን በሚይዘው ቅብ ላይ ማቅለሚያ ሲጨመርበት አረንጓዴም ማየት እንደሚጀምር ደረሰበት። ቀዩን ጨምሮ ሁሉን የሚያየው ፊልም፣ ፓንክሮማቲክ የሚሉት፣ ገበያውን የያዘው ከዚያ በኋላ ብዙ ቆይቶ ነው። በድሮ ፎቶዎች ላይ ሰማዩ ባዶ ነጭ፣ ከንፈሩ ጥቁር የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ካሜራዬ ዜኒት-ኢ ነው፤ ሶቪየት ሠራሽ፣ ከአጎቴ ሳጥን የወጣ። ድንጋይ ነው። ባትሪ አይፈልግም። ሹተሩ፣ ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ፣ ፍጥነቱ ከ1/30 እስከ 1/500 ሰከንድ ነው፤ ከዚያ የዘገየ ካስፈለገ እስከተጫኑት ድረስ ክፍት የሚያቆየው ቢ ላይ አድርጎ በጣት መቁጠር። ሌንሱ ሄሊዮስ 44-2 ነው፤ 58 ሚሊ ሜትር፣ እስከ ኤፍ 2 ይከፈታል። ኤፍ የሌንሱ ቀዳዳ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ግንባሩ ላይ ያለው የብርሃን መለኪያ መርፌው አሁንም ይወዛወዛል፤ እኔ ግን የማምነው ስልኬን ነው። ጠራራ ፀሐይ ላይ ስልኩም አያስፈልግም። ኤፍ 16 ላይ አድርጎ ሹተሩን ለፊልሙ ቁጥር ቅርብ ወደሆነው መውሰድ ነው፤ ለ80 ፊልም 1/60 ማለት ነው።

መጀመሪያ ያነሳሁት ጥለት ነው። እትዬ፣ አከራዬ፣ የክት ነጠላቸውን አውጥተው ግቢው ገመድ ላይ ሰጡልኝ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ፤ ፊልሙን ለመፈተን ከዚህ የተሻለ ሰሌዳ የት አገኛለሁ። ከጎኑ አደይ አበባ በብርጭቆ አስቀመጥኩ። አንዱን በፀሐይ፣ አንዱን በጥላ፣ አንዱን ማታ በአምፖል።

መስከረም መጨረሻ፣ ጓዳ

ይህ ፊልም ቀይ አለማየቱ ጨለማ ክፍል ውስጥ ትልቅ ውለታ ነው። በቀይ መብራት እያየሁት ማጠብ እችላለሁ። ሌላውን ፊልም በድፍን ጨለማ፣ በዳበሳ ነው የምንጠቀልለው። ለጀማሪ የምመክረው በዚህ እንዲጀምር የሆነው ለዚህ ነው፤ እጁ ምን እየሠራ እንደሆነ ዓይኑ ያያል።

እትዬ ጓዳቸውን ፈቀዱልኝ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈንኩት፤ በሩ ሥር አሮጌ ጋቢ ወተፍኩ። አምፖሉ ላይ ግን ጠንቀቅ ማለት ያስፈልጋል። ገበያ ላይ ቀይ ተብሎ የሚሸጠው አምፖል ሁሉ ቀይ አይደለም። አንዳንዱ ነጭ ሆኖ ላዩ ቀይ የተቀባ ነው፤ ሌላ ቀለም ያሾልካል። መፈተኛው ቀላል ነው። አሮጌ ሲዲ ገልብጡና የአምፖሉን ነጸብራቅ እዩ። ቀይ ብቻ ከታየ ደህና ነው። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሰንበር ካለበት መልሱት። የሱቁ ልጅ ሲዲ ይዤ አምፖል ስመርጥ ዓይኑን ከእኔ አልነቀለም።

ቀጥሎ የሳንቲም ፈተና። በድፍን ጨለማ ከፊልሙ ጫፍ ትንሽ ቆርጬ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩ። ላዩ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም አስቀመጥኩና ቀዩን መብራት አበራሁ። ሥራው ከሚወስደው ጊዜ ያላነሰ ቆየሁ። ከዚያ አጠብኩት። መብራቱ ፊልሙን ከነካው የሳንቲሙ ክብ ቁልጭ ብሎ ይቀራል። አምፖሉን ጠረጴዛው ላይ ሳደርገው ፈዛዛ ክብ አየሁ። ከበሩ በላይ ሰቅዬ ወደ ግድግዳ ሳዞረው ምንም አልታየም። እዚያው ቀረ።

ጥቅምት መጀመሪያ፣ ቡና

ዴቨሎፐር፣ ፊልሙ ላይ የተደበቀውን ምስል የሚያወጣው ኬሚካል፣ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም። ቡና ግን ሞልቷል። ፊልም በቡና እንደሚታጠብ ስናገር የሚስቁብኝ አሉ፤ ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ፣ ሮቸስተር የቴክኖሎጂ ተቋም ውስጥ ከአንድ ክፍል ተማሪዎች ሙከራ የወጣ ነው። ካፌኖል ይሉታል። ሥራውን የሚሠራው እንቅልፍ የሚነሳን ካፌይን አይደለም፤ ቡናው ውስጥ ያሉት እንደ ካፌይክ አሲድ ያሉት ናቸው። ብቻቸውን አይሠሩም። የሚያበረታቸው ሶዳና ቫይታሚን ሲ ይፈልጋሉ።

የተለመደው ልክ ለአንድ ሊትር ውኃ 54 ግራም የልብስ ማጠቢያ ሶዳ፣ 16 ግራም ቫይታሚን ሲ፣ 40 ግራም ሟሚ ቡና ነው። ሟሚ ቡና ከሱፐርማርኬት ይገኛል። እኔ ግን ዘጌ አፍንጫዬ ሥር ሆኖ የቆርቆሮ ቡና መግዛት አልዋጥልህ አለኝ። የዘጌን ቡና አምጥቼ ራሴ ቆላሁት። እዚህ ላይ አንድ ዘዴ አለ፤ ቡናው መጥቆር የለበትም። ቆሎ ሲመስል ይወጣል። ቡና በተቆላ ቁጥር ለፊልም የሚጠቅመው ነገር እየተቃጠለ ይሄዳል። ለመጠጥ የሚያምረው ጥቁር ቡና ለዚህ ሥራ ሰነፍ ነው። የሚለካውንም እጥፍ አድርጌ አፈላዋለሁ፤ ከዚያ በጨርቅ አጠላለሁ። ለፊልም የሚሰጠው አቦሉ ነው። በረካውን ሞክሬ ነበር፤ ቀለም እንጂ ጉልበት የለውም።

ሶዳው ሌላ ጣጣ ነው። የምንፈልገው ሶዲየም ካርቦኔት ነው፤ ሱቅ ያለው ደግሞ የዳቦ ሶዳ። ችግር የለም፤ የዳቦ ሶዳ ሲቆላ ወደዚያው ይለወጣል። ብረት ምጣድ ላይ ዘርግቼ ማማሰል ጀመርኩ። ሲሞቅ እንፋሎትና ጋዝ ስለሚለቅ እንደ ፈሳሽ ይንተከተካል፤ ሲያበቃ ይረጋል። ማብቃቱን የሚነግረኝ ሚዛን ነው። 100 ግራም ከገባ 63 ግራም ገደማ መውጣት አለበት። 70 ካለ ገና ነው፤ ወደ ምጣዱ ይመለሳል። እጅ ስለሚልጥ ጓንት ይደረጋል። ምጣዱም ከዚያ ወዲያ ለእንጀራ አይውልም፤ የራሴን ገዝቻለሁ።

ቫይታሚን ሲ ከፋርማሲ ነው። ጣፋጩን የሚታኘከውን ሳይሆን ተራውን። ባለ 500 ሚሊ ግራሙን ክኒን ስንወቅጠው 16 ግራም ማለት 32 ፍሬ ነው። ባለ ፋርማሲዋ «ቤት ሙሉ ጉንፋን ገባ እንዴ?» አለችኝ።

መጀመሪያ ሶዳው ይሟሟል፣ ቀጥሎ ቫይታሚኑ፣ መጨረሻ ቡናው። አረፋው እስኪሞት ጥቂት ይቆያል። ሽታው! ምን ልበላችሁ። እትዬ ከማጀት ሆነው፦

«ልጄ፣ ያ የዘጌ ቡና ነው እንዲህ የሚሸተው?»

«አዎ እትዬ።»

«እንኳን እኔ አልቆላሁት!»

ጥቅምት አጋማሽ

ጥለቱ ወጣ።

መጀመሪያ ስለ አጠባው። 36 ፎቶ የሚይዘው ፊልም 1.6 ሜትር ገደማ ስለሆነ በገበታ ለማጠብ ያስቸግራል። በቀዩ መብራት ለሁለት ቆረጥኩት። ሁለቱን ጫፍ በልብስ መቆንጠጫ ይዤ ቡናው ውስጥ ወዲያና ወዲህ አመላልሰዋለሁ፤ የድሮ ፎቶ አንሺዎች እንዲሁ ነበር የሚያደርጉት። የቧንቧው ውኃ ሞቅ ያለ ነው፤ እኔ የምፈልገው 20 ዲግሪ ነው። መፍትሔው ገንቦ ነው። ገንቦ ውስጥ ያደረ ውኃ ዲግሪውን ራሱ ይቀንሳል።

መነሻዬ 15 ደቂቃ ነው፤ ግን ሰዓቱን ብቻ አላምንም። ቡናው ስለሚጋርድ ፊልሙን ብድግ እያደረግኩ አየዋለሁ። መጀመሪያ ነጣ ያለ ነው። ቀስ እያለ ጥቁር ነጠብጣብ፣ ከዚያ ቅርጽ ይመጣበታል። ነጭ ጥቁር ሆኖ በሚታይበት ነጌቲቭ ላይ ነጠላው ድፍን ጥቁር ሲሆን፣ እጥፋቶቹም ገና ሲለዩ፣ አወጣሁት። ውኃ ውስጥ ነከር አድርጌ ወደ ፊክሰር፤ ምስሉ በብርሃን እንዳይበላሽ የሚያጸናው እሱ ነው።

በፊክሰር ቀልድ የለም። ለእሱ የወጥ ቤት ምትክ አልፈልግም። ጨው ይሠራል የሚሉ አሉ፤ ሲበዛ ቀርፋፋ ነው። የፊክሰሩን ኬሚካል፣ ታዮሰልፌቱን፣ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። ልኩን የሚነግረኝ ከፊልሙ ጫፍ የተቆረጠ ትርፍ ነው፤ ፊክሰር ውስጥ ነክሬ ጥርት እስኪል የወሰደውን ጊዜ አይና ለዋናው እጥፉን እሰጣለሁ። ፊክሰሩን ከፊልሙ ሳስለቅቅ ውኃ እቆጥባለሁ፤ ሠፈራችን ውኃ በፈረቃ ነው። ክዳን ባለው ዕቃ አዲስ ውኃ ሞልቶ 5 ጊዜ መገልበጥ፣ መድፋት፤ ሞልቶ 10 ጊዜ፣ መድፋት፤ ሞልቶ 20 ጊዜ። ይበቃል።

አሁን ጥለቱ፣ ነጌቲቩ ተገልብጦ ሲታይ። አረንጓዴው ነጣ ብሎ ወጥቷል፤ ቢጫው አመድማ ነው፤ ቀዩ ድፍን ጥቁር። አደይ አበባው ዓይኔ ከሚያውቀው ይልቅ ጠቁሯል። ማታ በአምፖል ያነሳሁት ደግሞ አለ ከማለት የለም ማለት ይቀላል። ፋብሪካው ራሱ በአምፖል ብርሃን 80ውን ወደ 40 አውርዱት ይላል። የአምፖል ብርሃን አብዛኛው ቀይና ብርቱካን ነዋ፤ ፊልሙ ከዚያ ውስጥ የሚያየው ጥቂቱን ነው።

ኅዳር፣ ዘጌ

በጀልባ ተሻገርኩ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። ለመቅረጽ ፈቃድ ስጠይቅ አንድ አባት ካሜራውን ገልበጥ አድርገው አዩትና «ብልጭ የሚል ነገር ከሌለው አንሣ» አሉኝ። ዜኒቱ ብልጭ የሚል ነገር የለውም።

ውስጡ ደብዛዛ ነው፤ ብርሃኑ በበር የሚገባው ብቻ። ካሜራውን ትሪፖድ ላይ አደረግኩ፤ ኤፍ 4፣ ሹተሩ ቢ ላይ፣ በገመድ። መለኪያው አንድ ሰከንድ ሲል ትንሽ ጨመር አደርጋለሁ፤ ከሰከንድ ወዲያ ፊልም ይሰንፋል። ጧፍ የበራበትን ጥግ ተውኩት። የጧፍ ብርሃን ለዓይን ግሩም ነው፤ ለዚህ ፊልም ግን የለም።

ለማየት የጓጓሁት የእመቤታችንን ሥዕል ነበር። በሥዕላችን ልማድ ላዩ ሰማያዊ ካባ፣ ውስጡ ቀይ ቀሚስ ነው። ሰማያዊውና ቀዩ ለዓይን ተመጣጣኝ ጥቁረት አላቸው። በፓንክሮማቲክ ፊልም ሁለቱም ተቀራራቢ አመድማ ሆነው ሊደባለቁ ይችላሉ። በዚህኛው ግን ካባው ነጣ፣ ቀሚሱ ጠቆረ። ድንበሩ በምላጭ የተሠመረ ያህል ተለየ። የጣቶቹ መስመር እንኳ ከካባው ላይ ተነጥሎ ይታያል። ሥዕሉን ለማጥናት ለሚፈልግ ሰው ይህ ጥቅም ነው። መልኩን እንዳለ ለማሳየት ለሚፈልግ ግን ውሸት ነው፤ በባለቀለም ያንሣው።

ስመለስ ሐይቁ ላይ ደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው አነሳሁ። ደንገሉ ነጣ ብሎ ከጥቁሩ ሰው በደንብ ተለይቷል። ከበስተጀርባ የነበረው ማዶ ግን ጠፍቷል። ሩቅ ያለ ነገር ላይ የሚጋረደው ጭጋግ ሰማያዊ ነው፤ ሰማያዊ ደግሞ ለዚህ ፊልም ብርሃን ነው። ቢጫ ፊልተር፣ ሌንሱ ላይ የሚገጠም ባለቀለም መስታወት፣ ይቀንሰዋል። ቀይ ፊልተር ግን አይሞከርም፤ ፊልሙ የሚያየውን ሁሉ ከልክሎ የማያየውን ብቻ ያሳልፋል። ባዶ ፊልም ነው የምታጥቡት።

ኅዳር መጨረሻ፣ ጢስ ዓባይ

ክረምቱ እንደወጣ ሄጄ ያነሳሁትን ከአሁኑ ጋር ጎን ለጎን አደረግኩት። ያኔ ውኃው ድፍርስ ነበር። የጎጃምን ቀይ አፈር ተሸክሞ የሚወርድ ውኃ በዚህ ፊልም ላይ ጥቁር ነው፤ ፏፏቴው ጭቃ የሚፈስ ይመስላል። አሁን ውኃው ቀንሷል፤ ግን ጠርቷል፣ ነጭ ይወጣል። ብዙ ሰው ፏፏቴ ሲሞላ ነው የሚያነሳው። በዚህ ፊልም ከሆነ ቆይቶ መሄድ ይሻላል።

ታኅሣሥ፣ ፍኖተ ሰላም

ለበርበሬው ነው የመጣሁት። በዚህ ወቅት ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም በየግቢው ቀይ ተዘርግቷል። የሚያስነጥስ አየር ነው።

ቀይ ጥቁር ይሆናል ካልን የተሰጣ በርበሬ ጥቁር ምንጣፍ ሊሆን ነው። ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ያነሳሁት ልክ እንደዚያው ነው፤ አንዱ ፍሬ ከሌላው አይለይም። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ከጎን ስትመጣ ግን ሌላ ነገር ነው። የበርበሬው ቆዳ ያብረቀርቃል። ያ ብልጭታ የበርበሬው ቀለም አይደለም፤ ከላዩ የሚነጥረው የፀሐይዋ ብርሃን ነው፣ ነጭ። ፊልሙ እሱን አሳምሮ ያያል። ጥቁር ፍሬ፣ በእያንዳንዱ ጀርባ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር። ሽብሽቡ ሳይቀር ይቆጠራል። እስካሁን ከያዝኩት ሁሉ የምወደው ይኼን ነው።

በርበሬውን የሚያገላብጡት እናት ጠየቁኝ።

«ቀይ ሆኖ ይወጣልኛል አይደል?»

«አይ እማማ፣ ጥቁርና ነጭ ነው።»

«እንግዲያማ የበሰበሰ ነው የሚሉኝ! ለገዢ እንዳታሳየው።»

አላሳይም ብዬ ቃል ገባሁ። ለእሳቸው የሚሆነውን በስልኬ በቀለም አንስቼ ሰጠኋቸው።

እዚያው አንድ ሽማግሌ አነሳሁ። አያ፣ አረንጓዴ ቁምጣቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ተደግፈው። ሰው ማንሳት በዚህ ፊልም ከሁሉ ይከብዳል። የእኛ ቆዳ ውስጥ ብዙ ቀይ አለ፤ ፊልሙ እሱን ሲጥለው ፊት ከእውነቱ ይጠቁራል። መለኪያው ያለውን ብቻ ከሰጣችሁት የሚታየው ዓይንና ጥርስ ብቻ ነው። እኔ አንድ ደረጃ እከፍታለሁ፤ ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ማለት ነው። ፀሐይ ላይ ሳይሆን የቤት ጥላ ሥር፣ ፊታቸውን ወደ ሰማይ አቅጣጫ አድርጌ። የጥላ ብርሃን ከሰማያዊው ሰማይ የሚመጣ ስለሆነ ፊልሙ ይወደዋል። ነጭ ጋቢ ከጎን አስይዤ ጥላውን አቀለልኩት።

የአያ ግንባር ላይ ያለው መስመር ሁሉ ወጥቷል። ድሮ በድምፅ አልባው ፊልም ጊዜ ተዋንያን ለዚህ ዓይነት ፊልም ብለው ለየት ያለ ቀለም ይቀቡ ነበር፤ ምክንያቱ ሲታይ ይገባል። ለጋብቻ ፎቶ የሚጠራኝ ሰው ካለ በዚህ ፊልም አላነሳም። ሽማግሌ ግን ያምርበታል። ቁምጣውም ነጣ ብሎ ከጭቃ ግድግዳው ተለይቷል። ግድግዳው ቀይ አፈር ነውና ጠቁሯል።

ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ቤዛዊት

የማታውን ብርሃን በደንብ መፈተን ፈለግኩ። ቤዛዊት ኮረብታ ላይ ሆኜ ያንኑ የዓባይን መታጠፊያ 9 ሰዓት ላይ፣ ከዚያም ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አነሳሁት። ለእያንዳንዱ መለኪያው ያለውን፣ አንድ ደረጃ የበለጠ፣ ሁለት ደረጃ የበለጠ።

የ9 ሰዓቱ መለኪያው ባለው ላይ ደህና ነው። የማታው አንድ ደረጃ ከፍቼም ነጌቲቩ የሳሳ ነው፤ ሁለት ሲሆን ነው ጥላው ውስጥ ነገር የሚታየው። መለኪያው አልዋሸም፤ እሱ ቀዩንም ቆጥሮ ነው የሚናገረው። ፊልሙ ግን ያንን አይቆጥርም። ፎቶ አንሺ ሁሉ የሚሮጥለት ወርቃማው ሰዓት ለዚህ ፊልም ድሃ ሰዓት ነው። ሀብቱ ደመና ያለበት ቀን፣ የጥላ ሥር፣ ረፋዱ ነው። የክረምት ሰማይ ለፎቶ አይሆንም የሚሉ ሰዎች ይህን ፊልም አልጫኑም።

ጥር መግቢያ

ቀጣዩ እንጅባራ ነው፤ ጥር 23፣ የአገው ፈረሰኞች በዓል። ፈረሶቹ በቀይ ጌጥ ስለሚያጌጡ ጌጡ ጥቁር እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ነጭ ፈረስ ላይ አተኩራለሁ፣ ጥቁሩ ላይ ጌጡ ይጠፋል። ዳማውም ቢሆን ቀላ ያለ ነው፤ እሱም ይጠቁራል። ነጩን ነው የምፈልገው።

ለጋላቢ 1/500 ያስፈልጋል። ጠራራ ፀሐይ ከሆነ ለ80ው ፊልም ኤፍ 5.6 ይበቃል፤ ሄሊዮሱ ላይ ርቀቱን አስቀድሜ አስተካክዬ ፈረሱ እስኪደርስበት መጠበቅ እችላለሁ። ከዚሁ ፊልም ጋር 25 የሆነ ሮላይ ኦርቶም መጥቶልኝ ነበር። እሱን ለዚያ ቀን አልወስደውም። 1/500 ላይ ከኤፍ 4 በላይ መክፈት ይጠይቃል፤ በዚያ ክፍተት የሚሮጥ ፈረስ ዓይን ላይ መግጠም የሎተሪ ነገር ነው። ቢጫ ፊልተሩም ቤት ይቀራል፤ ብርሃን ይበላል። ሰማዩ ነጭ ይሁን፤ ከፍ ካለ ቦታ ቁልቁል ካነሳሁ ሰማይ ብዙም አይገባም።

25ቱ ሮላይ ለቆመ ነገር ይሆናል። ትሪፖድ ይዤ ዘጌ ልመለስበት አስቤያለሁ፤ እግረ መንገዴን ቡናም ይገዛል፣ ያለው አልቋል። እትዬ በበኩላቸው የሚቀጥለው ቅመማ ጓዳ ሳይሆን ግቢ ውስጥ ካልሆነ ብለዋል። ቡናው ግቢ ይቀመማል፤ አጠባው ጓዳ ይቀጥላል። በዚህ ተስማምተናል።